ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግን ሳይሸመድዱ መማር፦ ከእቁብ ተነስቶ እስከ ሶፍትዌር ዲዛይን

ሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪን «ኢንካፕሱሌሽን ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሳይተነፍስ ይመልስላችኋል። ዳታንና ሜተድን (በዳታው ላይ የሚሠራውን ፈንክሽን) በአንድ ላይ መጠቅለል ነው ይላል። ልክ ነው፣ ስላይዱ ላይም እንደዛው ነው የተጻፈው። ቀጥላችሁ «እሺ፣ እዚህ ኮድህ ውስጥ ይሄ ፊልድ ለምን ፕራይቬት ሆነ?» ስትሉት ግን ዝም ይላል። (ፊልድ ክላስ ውስጥ ያለ ዳታ ነው፤ ፕራይቬት ሲሆን ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ አይነካውም፣ ፐብሊክ ሲሆን ይነካዋል።) ይሄ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ኮርሱ የሚጀምረው ከአራቱ ምሰሶዎች (ኢንካፕሱሌሽን፣ አብስትራክሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም) ትርጉም ነው፤ ትርጉሙን የወለደው ችግር ግን ክፍል ውስጥ አይታይም። ሃምሳ መስመር በማይሞላ የላብ ልምምድ ላይ ፕራይቬት አላችሁ ፐብሊክ አላችሁ ያው ነው፣ ሁለቱም ይሠራል።

ስለዚህ እዚህ በሌላ መንገድ እንሄዳለን። አንድ ፕሮግራም ትይዛላችሁ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ እሱኑ ታሳድጋላችሁ፣ ደንቡን እየቀየራችሁ ታስቸግሩታላችሁ። አንድ ዲዛይን ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ለውጥ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ዲዛይን ያምራል። ቋንቋችን ጃቫ ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩበት እሱ ስለሆነ። በሲ ሻርፕ ወይም በፓይተን የምትማሩ ሰዎችም ብዙ ሳትቸገሩ ልትከተሉት ትችላላችሁ።

ከሁሉም በፊት፦ ሪፈረንስ

ፈንክሽን፣ ሉፕ እና አሬይ ላይ እጃችሁ ካልተፍታታ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። እሱ ካለ በኋላ ክላስ (ኦብጀክቶች የሚፈጠሩበት ንድፍ፤ ኦብጀክት ደግሞ ዳታውንና ሜተዱን አብሮ የያዘው ነገር ነው) ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር በደንብ መግባት አለበት፦ ጃቫ ውስጥ ቫሪያብል ኦብጀክቱን ራሱን አይዝም፣ ወደ ኦብጀክቱ የሚያመለክት ሪፈረንስ ነው የሚይዘው። እኔ እንደማየው ኦኦፒ (ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ) ከበደኝ ከሚሉ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተደናቀፉት ኢንሄሪታንስ (አንድ ክላስ ከሌላው መውረሱ) ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ወረቀት አውጡ። በግራ በኩል ለእያንዳንዱ ቫሪያብል ትንሽ ሳጥን ሳሉ፣ በቀኝ በኩል ኦብጀክቶቹን ሳሉ፣ በመካከላቸው ቀስት አድርጉ። ኢንት (ተራ ሙሉ ቁጥር) ከሆነ ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ቀስት የለውም። አሁን «ለ = ሀ» ስትሉ ምን ይሆናል? አዲስ ኦብጀክት አይፈጠርም፤ ሁለተኛ ቀስት ወደዚያው ኦብጀክት ይሄዳል። በ«ለ» በኩል የቀየራችሁት ነገር በ«ሀ» በኩልም ይታያል። ሁለት ስትሪንግ በድርብ እኩል ይሆናል ምልክት ስታወዳድሩ ለምን አንዳንዴ ፎልስ እንደሚላችሁ የሚገባችሁም ያኔ ነው። እያወዳደራችሁ ያላችሁት ቀስቶቹን ነው፤ ይዘቱን ለማወዳደር ኢኩዋልስ የሚባለውን ሜተድ መጥራት አለባችሁ።

ለመሣሪያ ብዙ አትጨነቁ። ጄዲኬ (የጃቫ ኮድ ኮምፓይል ማድረጊያና ማስኬጃ ጥቅል) 17 ወይም 21 ጫኑ፣ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚያገኙ እትሞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኮዱን በቀላል ኤዲተር ጻፉና በትእዛዝ መስመር ኮምፓይል አድርጉ፤ እንደ ኢንቴሊጄይ ወይም ኔትቢንስ ያለ ሁሉን ያካተተ ኤዲተር ከጀርባ ምን እንደሚሠራላችሁ ሳታውቁ መጀመር በኋላ ኤረር ሲመጣ ያደናግራል። አንድ መስመር ኮድ መሞከር ብቻ ከፈለጋችሁ ጄሼል አለ፣ ከጃቫ 9 ጀምሮ ከጄዲኬው ጋር ይመጣል። ኢንተርኔት ባገኛችሁ ቀን ደግሞ የጃቫን ዶክመንቴሽን አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ኔትወርክ በሌለበት ማታ ብዙ ነገር ያድናችኋል።

ደረጃ 1፦ ደንቡን በቃላችሁ የምታውቁትን ነገር ምረጡ

አብዛኛው ትምህርት በውሻና በድመት፣ በመኪናና በጎማ ያስተምራል። ውሻ ከእንስሳ ይወርሳል፣ ይጮኻል፣ አለቀ። ደንብ የለበትም፣ ስለዚህ የምትወስኑት ነገር የለም። የላይብረሪ ሲስተም ይሻላል፣ ግን ጓደኞቻችሁ ሁሉ ይሠሩታል፣ ከኢንተርኔት ተገልብጦም ይገኛል።

እኔ የምመክረው እቁብ ነው። ሁላችንም ደንቡን እናውቀዋለን፣ ደንቡ ግን ሲነካኩት ጥልቅ ነው። መነሻችን ይሄ ይሁን፦ 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላሉ፣ በየሳምንቱ ዕጣ ወጥቶ አንዱ 20,000 ብር ይወስዳል፣ የደረሰው ሰው ዋስ ያቀርባል፣ እቁቡ እስኪያልቅም መጣሉን ይቀጥላል። አንዴ የወጣ ዕጣ ተመልሶ አይገባም። ዳኛና ጸሐፊ አሉ።

ፕሮግራም ከመጻፋችሁ በፊት እቁብ የሚሰበስብ ሰው፣ እናታችሁም ብትሆን፣ የሰፈር ባለሱቅም ቢሆን፣ አስቀምጣችሁ ጠይቁ። «ሰው ባይጥል ምን ታደርጋላችሁ?» «ዕጣ መሸጥ ይቻላል?» «መሀል ላይ ሰው ቢወጣስ?» የምታገኙትን መልስ እንዳለ ጻፉት። በኋላ የሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን ኮርስ ላይ ሪኳየርመንት መሰብሰብ የሚባለው ይሄው ነው፣ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ያለ ክላስ ጻፉት

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። ሁሉንም ነገር ሜይን ውስጥ፣ በአሬይ ጻፉት። አንድ የስሞች አሬይ፣ አንድ «ደርሶታል ወይ» የሚል የቡሊያን አሬይ፣ አንድ የተከፈለ ብር አሬይ። ይሠራል። ምናልባት መቶ መስመር እንኳን አይሞላም፣ እንዲያውም በዚህ መጠን ከክላሱ ይልቅ ለማንበብ ይቀላል።

አሁን ደንቡን ቀይሩ። አንዱ እቁብተኛ «ሁለት ዕጣ ልያዝ» አለ። በሳምንት 2,000 ይጥላል፣ ሁለቴ ይደርሰዋል። ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ስሙን አሬዩ ውስጥ ሁለቴ ይጽፈዋል። ከዚያ ስልኩ ሲቀየር ሁለት ቦታ መቀየር አለበት፣ አንዱ ይረሳል። ቀጥሎ ሁለት አዲስ ጓደኛሞች «አንድ ዕጣ በግማሽ እንያዝ» ብለው መጡ። እዚህ ላይ አሬዮቹ ይፈርሳሉ። የትኛው ኢንዴክስ ሰው እንደሆነ፣ የትኛው ዕጣ እንደሆነ ለራሳችሁም ይጠፋባችኋል። ይሄ ምቾት ማጣት ነው ኦኦፒን የወለደው፣ እሱን ያልቀመሰ ሰው መፍትሔው አይጥመውም።

ደረጃ 3፦ ኮምፒውተሩን ዝጉና ካርድ ጻፉ

ኬንት ቤክ እና ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1989 ሲአርሲ (ክላስ፣ ኃላፊነት፣ ተባባሪ) ካርድ የሚባል ዘዴ አስተዋወቁ። ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ካርድ፦ ከላይ ስሙ፣ በግራ ኃላፊነቱ፣ በቀኝ ሥራውን ለመጨረስ የሚያስፈልጉት ሌሎች ክላሶች። ኤፎር ወረቀት ለአራት ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ዶርም ውስጥ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

የመማሪያ መጽሐፍ «ስሞቹን ክላስ፣ ግሦቹን ሜተድ አድርጉ» ይላችኋል። ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን እዚያ ካቆማችሁ «እቁብተኛ»፣ «ብር»፣ «ሳምንት»፣ «ዋስ» እያላችሁ ትደረድራላችሁ፣ ማን ምን እንደሚወስን ግን አይታወቅም። የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ይሄን ደንብ የሚጠብቀው ማን ነው?

«አንዴ የወጣ ዕጣ ተመልሶ አይገባም» የሚለውን ደንብ እንውሰድ። ብዙዎቻችን እቁብተኛ የሚባል ክላስ ሠርተን «ደርሶታል» የሚል ቡሊያን እንጨምርበታለን። ሁለት ዕጣ ያለው ሰውዬ ግን አንዱ ደርሶት አንዱ ቀርቶታል። እሱ ላይ «ደርሶታል» እውነት ነው ወይስ ሐሰት? መልስ የለውም፤ መልስ የሌለው ጥያቄውን የተሳሳተ ኦብጀክት ስለጠየቃችሁ ነው። የሚወጣው ዕጣው ነው፣ ሰውዬው አይደለም። ስለዚህ «ዕጣ» ራሱን የቻለ ክላስ ይሁን፣ መውጣት አለመውጣቱን ራሱ ይወቅ፣ ባለቤቶቹን ከነድርሻቸው ይያዝ። አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ቢይዝ ችግር የለም። ሁለት ሰው አንድ ዕጣ ቢይዝም ችግር የለም። ዕጣ ቢሸጥ የሚቀየረው የዕጣው ባለቤት ብቻ ነው።

ካርዶቹን ለጓደኞቻችሁ አከፋፍሉና አንድ ዙር ተጫወቱት። አንዱ «እቁብ» ይሁን፣ አንዱ «ዕጣ»፣ አንዱ «ክፍያ መዝገብ»። «እቁብ ሆይ፣ የዚህን ሳምንት ዙር አካሂድ» ስትሉት ካርዱን የያዘው ሰው ማንን ምን እንደሚጠይቅ ጮክ ብሎ ይናገር። አንዱ ብቻውን እያወራ ሌሎቹ ዝም ካሉ ያ ክላስ ሥራ በዝቶበታል። አንዱ ጭራሽ ካልተጠራ ደግሞ ያ ክላስ ምናልባት አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ክላሱን ጻፉ፣ ደንቡንም ዝጉበት

ጌተርና ሴተር (ፊልድን የሚያነብና የሚቀይር ሜተድ) በራሱ የሚያመነጨውን የኤዲተር በተን ለጊዜው እርሱት። ለሁሉም ፊልድ ሴተር ካወጣችሁለት ፕራይቬት ማድረጋችሁ ከንቱ ነው፣ ማንም ገብቶ ይቀይረዋል። «ዕጣ» ላይ «ወጥቷል» የሚለውን የሚቀይር ሴተር አይኑር፤ «ይውጣ» የሚል ሜተድ ይኑር፣ ሁለተኛ ጊዜ ከተጠራ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወርውር። ኮንስትራክተሩም (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) የተሳሳተ ኦብጀክት እንዳይወለድ ይከልክል፦ ባለቤት የሌለው ዕጣ፣ ድርሻው ተደምሮ አንድ ሙሉ የማይሆን ዕጣ መፈጠር የለበትም።

አሁን አንድ ስውር ቀዳዳ ላሳያችሁ፣ ጥሩ ተማሪዎችም ላይ ስለማየው። «እቁብ» ክላስ ውስጥ የዕጣዎች አሬይሊስት አለ፣ ፕራይቬት ነው፣ ጥሩ። ከዚያ «እቁብ.ዕጣዎች()» የሚል ጌተር ይጻፋል፣ ያንኑ ሊስት ሪተርን ያደርጋል። በቃ፣ በሩ ተከፈተ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሌላ ቦታ ያለ ኮድ ያንን ሊስት ተቀብሎ አንድ ዕጣ ቢጨምርበት፣ እቁቡ ሳያውቅ 21 ዕጣ ይሆናል። ቀድሞ የወሰዱት ሰዎች 20,000 ወስደዋል፣ የቀሩት 21,000 ሊወስዱ ነው። ሂሳቡ ተበላሸ፣ ኤረር ግን የለም። ወደ ሪፈረንስ ሥዕላችሁ ተመለሱ፤ ሁለት ቀስት አንድ ሊስት ላይ ነው። መፍትሔው ኮፒ መስጠት ነው፣ ከጃቫ 10 ጀምሮ ሊስት.ኮፒኦፍ አለላችሁ። እሱም ቢሆን የሚገለብጠው ሊስቱን ብቻ ነው፣ ውስጡ ያሉት ዕጣዎች ያው እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ዕጣው ራሱም ደንቡን መጠበቅ አለበት።

ስለ ብርም አንድ ቃል። ዳብል (ነጥብ ያለው ቁጥር መያዣ) አትጠቀሙ። 0.1 እና 0.2ን በዳብል ደምሩና አሳዩት፣ 0.30000000000000004 ይላችኋል። በሳንቲም ቆጥራችሁ በሎንግ (ትልቅ ሙሉ ቁጥር መያዣ) ያዙት። ሦስት ሰው አንድ የ1,000 ብር ዕጣ ቢካፈል 100,000 ሳንቲም ለሦስት 33,333 ይደርስና አንድ ሳንቲም ይተርፋል፣ እሱን ማን ይከፍላል? ይሄ ውሳኔ የሚኖርበት «ገንዘብ» የሚባል ትንሽ ክላስ ሥሩ፣ ሌላው ኮድ ስለ እሱ አይጨነቅ።

የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ያለው በመሠረቱ ይሄንን ነው፦ ፕሮግራምን በሥራ ቅደም ተከተል አትክፈሉ፣ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ ሁሉ አንድ ሞጁል ውስጥ ደብቁት። አሁን «ይሄ ፊልድ ለምን ፕራይቬት ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላችሁ፤ የምትመልሱትም የእቁቡን ደንብ በመጥቀስ ነው።

(በነገራችን ላይ ጃቫ በፊደላችን የተጻፈ የክላስና የሜተድ ስም ይቀበላል። «ዕጣ» የሚባል ክላስ ኮምፓይል ይሆናል፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ከተቀመጠ። ለመለማመጃ ያስደስታል፤ ለአሳይመንት ግን በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ አራሚው የሚጠብቀው እሱን ነው።)

ደረጃ 5፦ ፖሊሞርፊዝምን በቴስት በኩል ግቡበት

የእቁባችሁን ፕሮግራም ቴስት ለማድረግ ሞክሩ። ችግር ይገጥማችኋል፣ ምክንያቱም ዕጣው በራንደም ነው የሚወጣው። ራን ባደረጋችሁ ቁጥር ውጤቱ ሌላ ነው። «ሦስተኛው ዕጣ ሲወጣ ሁለቱም ባለቤቶች እኩል ያገኛሉ» የሚለውን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

«ዕጣ አውጪ» የሚል ኢንተርፌስ (ክላሶች ሊኖራቸው የሚገባውን ሜተድ ብቻ የሚዘረዝር ውል) ሥሩ፤ አንድ ሜተድ ብቻ ይኑረው፣ ያልወጡ ዕጣዎች ተሰጥተውት አንዱን የሚመልስ። አንዱ ክላስ በራንደም ይምረጥ። ሌላው ለቴስት ብቻ ሁሌም የታዘዘውን ይምረጥ። «እቁብ» የትኛው እንደተሰጠው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም፤ በኮንስትራክተሩ በኩል ይቀበላል። አንዳንድ እቁብ ውስጥ የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ክላስ ትጨምራላችሁ እንጂ «እቁብ» ውስጥ ኢፍ አታስገቡም። ፖሊሞርፊዝም ማለት ይሄ ነው፦ አንድ ጥሪ፣ እንደተሰጠው ኦብጀክት የተለያየ ሥራ። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚባለው ትልቅ ስምም፣ አሁን በኮንስትራክተር በኩል ያደረጋችሁት ነው።

ቴስት ስትጽፉ ቁጥሮቹን አስባችሁ ምረጡ። ቅድም በ20 ሰው ጀመርን፣ 20 ዕጣ። አንዱ ሁለት ዕጣ ያዘ፦ 20 ሰው፣ 21 ዕጣ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዕጣ ተካፍለው ገቡ፦ 22 ሰው፣ 22 ዕጣ። ቁጥሩ ተመልሶ ገጠመ! ሰው እየቆጠረ በ1,000 የሚያባዛ የተሳሳተ ፕሮግራም እዚህ ላይ 22,000 ብሎ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፣ ቴስታችሁም ያልፋል። መሀል ላይ ያለውን፣ 20 ሰው 21 ዕጣ የሆነውን፣ ብትሞክሩ ግን ወዲያው ይጋለጣል። የሰውና የዕጣ ቁጥር የማይገጥምበትን ሁኔታ ሆን ብላችሁ ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ኢንሄሪታንስን ቆጥቡ

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ኢንሄሪታንስ ነው፣ በሥራ ላይ በጣም ቆጥበው የሚጠቀሙበትም እሱ ነው። ዳኛው እቁብተኛ ነው አይደል? ስለዚህ «ዳኛ» ከ«እቁብተኛ» ይወርሳል የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። አታድርጉት። ዳኛው መሀል ላይ ቢቀየርስ? ጃቫ ውስጥ የተፈጠረ ኦብጀክት ክላሱን መቀየር አይችልም፤ ሰውዬውን አጥፍታችሁ እንደገና ልትፈጥሩት ነው፣ ወደ እሱ የሚያመለክቱትን ዕጣዎች ሁሉ እያስተካከላችሁ። ዳኝነት ሰው የሚይዘው ሥራ ነው፣ የሰው ዓይነት አይደለም። «እቁብ» ውስጥ «ዳኛ» የሚል ፊልድ አድርጉ፣ ወደ አንዱ እቁብተኛ ያመልክት፣ አለቀ።

ለመውረስ ስታስቡ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ባርባራ ሊስኮቭ ያነሳችውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጁን በወላጁ ቦታ ባስቀምጠው፣ ወላጁን አምኖ የተጻፈው ኮድ ሁሉ ሳይደናገር ይሠራል? የጃቫ ላይብረሪ ራሱ ይሄን ፈተና የወደቀበት ቦታ አለ። ስታክ የሚባለው ክላስ ከቬክተር (በየትኛውም ቦታ ኤለመንት ከሚቀበል ሊስት) ይወርሳል፣ ስለዚህ ከላይ ብቻ መግባትና መውጣት ያለበት ስታክ መሀሉ ላይ ኤለመንት መጨመር ይፈቅዳል። ዛሬ ዶክመንቴሽኑ ራሱ በዴክ (በጫፎቹ በኩል በሚያስገባና በሚያወጣ ኢንተርፌስ) ተጠቀሙ ይላል። የቋንቋው ሠሪዎች እንኳን የወሰኑትን ኢንሄሪታንስ መልሰው ማንሳት አልቻሉም፣ ዓለም ሁሉ ተጠቅሞበታልና።

ደረጃ 7፦ ደንቡን ቀይሩና ቁጠሩ

አሁን የመማሪያው ዋናው ክፍል መጣ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ ደንብ አምጡ፣ ጓደኛችሁ ቢያመጣላችሁ ይመረጣል፣ እናንተ ስታመጡት ሳታውቁ የሚቀለውን ትመርጣላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ክላስ እንደምትነኩ ገምታችሁ ጻፉ፣ ሲያልቅ አወዳድሩ።

ለምሳሌ፦ በቴሌብርና በባንክ የሚጥሉ ሰዎች መጡ። ዘግይቶ የጣለ ይቀጣል። ዋስ ያላቀረበ ሰው ዕጣው ቢወጣም ብሩ ይያዝበታል። ከሁሉም ግን እኔ የምወደው ይሄን ነው፦ እቁቡ ወርሃዊ ይሁን፣ በኛ አቆጣጠር። የጃቫ የጊዜ ላይብረሪ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንን እና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፣ የኢትዮጵያን ግን አይዝም። ጳጉሜ ደግሞ አምስት ቀን ነው፣ አንዳንዴ ስድስት፤ ጳጉሜ ላይ ይጣላል ወይስ አይጣልም? ኮዳችሁ ውስጥ እዚህም እዚያም «7 ቀን ጨምር» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ልትሰቃዩ ነው። «ቀጣዩ መጣያ ቀን መቼ ነው?» የሚለውን ብቻ የሚመልስ «ሰሌዳ» የሚባል ኢንተርፌስ ካላችሁ ግን አንድ አዲስ ክላስ ጽፋችሁ ትጨርሳላችሁ።

አንድ ትንሽ ደንብ ለመቀየር አምስት ክላስ ከነካችሁ ዲዛይናችሁ የት ጋ እንደሚያፈስ አገኛችሁ። በዚያው ሳምንት አስተካክሉት፣ አታሳድሩት።

ደረጃ 8፦ ዩኤምኤልን (የሶፍትዌር ንድፍ መሳያ ምልክቶችን) ለማሰቢያ ተጠቀሙበት

ብዙ ግሩፕ ኮዱን ጨርሶ ከዚያ ለዶክመንት ሲል ዲያግራም ይስላል። ልፋቱ ብቻ ይቀራል። ሁለት ዲያግራም ብቻ በእርሳስ ቀድማችሁ ሳሉ፦ ክላስ ዲያግራምና (ክላሶቹና ግንኙነታቸው)፣ በጣም ለከበዳችሁ አንድ ሁኔታ ደግሞ ሲኩዌንስ ዲያግራም (ኦብጀክቶቹ በቅደም ተከተል ማን ማንን እንደሚጠራ)። ከዚያ ይሄን ፍተሻ አድርጉ፦ ሲኩዌንሱ ላይ ወደ አንድ ኦብጀክት የሚገባ ቀስት ሁሉ፣ በክላስ ዲያግራሙ ላይ በዚያው ክላስ ውስጥ ሜተድ ሆኖ መገኘት አለበት። ካልተገኘ አንዱ ዲያግራም ስህተት ነው። አማካሪ መምህራን ብዙ ጊዜ ጣታቸውን የሚያስቀምጡት እዚህ ጋ ነው።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ባዶ ሦስት ማዕዘን መውረስ ነው፣ የተሞላ ዳይመንድ ክፍሉ ያለ ባለቤቱ መኖር የማይችልበት ነው፣ ባዶ ዳይመንድ ደግሞ መኖር የሚችልበት። የዕጣና የእቁብተኛን ቁጥር ስትጽፉ በሁለቱም ጫፍ «1..*» እንደሚሆን አስተውሉ፤ ይሄ ከደረጃ 3 የመጣ ውሳኔ ነው።

ዲዛይን ፓተርኖችን (ተደጋግመው ለሚመጡ የዲዛይን ችግሮች ስም የወጣላቸውን መፍትሔዎች) አሁን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። «ዕጣ አውጪ» ላይ የሠራችሁት ስትራቴጂ ይባላል፤ እንዲህ ቀድሞ ችግሩ፣ ከዚያ ስሙ ሲመጣ ነው የሚቀረው። ሲንግልተንን (ከአንድ ክላስ አንድ ኦብጀክት ብቻ እንዲኖር የሚያደርገውን ፓተርን) ግን ተጠንቀቁ፣ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ቦታ ይገባና ቴስት ማድረግን ያከብዳል።

ደረጃ 9፦ ግሩፕ ሥራና ኤአይ

አምስት ሰው ሆናችሁ አንዱ ኮድ ጽፎ አራቱ ዶክመንት የሚጽፉበት አሠራር አለ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራቱ ተማሪዎች በነጻ ዲግሪ አላገኙም፣ መማር የነበረባቸውን ተነጥቀዋል። መጀመሪያ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ በኢንተርፌሶቹ ተስማሙ፣ ከዚያ እያንዳንዱ አንዱን ይያዝ። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ተማሩ፣ ሁሉም በራሱ ስም ኮሚት ያድርግ፣ ማለትም ለውጡን ይመዝግብ።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ልናገር። «የእቁብ ሲስተም በጃቫ ጻፍልኝ» ብትሉት ይጽፍላችኋል፣ የሚሠራ ኮድም ሊሆን ይችላል፤ ግን ውሳኔዎቹን ሁሉ እሱ ወስኖላችኋል፣ ኮርሱ ደግሞ ሊያስተምራችሁ የፈለገው መወሰኑን ነበር። የራሳችሁን ዲዛይን አሳዩትና «የትኛው የደንብ ለውጥ ይሄን ያፈርሰዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ኤረር ሲገጥማችሁም «አስረዳኝ» በሉት። የሰጣችሁን ሁሉ ላፕቶፑን ዘግታችሁ በወረቀት መልሳችሁ መሳል ካልቻላችሁ፣ ዲፌንስ ላይ «ይሄ ክላስ ለምን አስፈለገ?» ስትባሉ መልስ አይኖራችሁም።

ደረጃ 10፦ ለፈተና

ዲዛይን ማወቅ ብቻውን ለፈተና አይበቃም፣ ፈተናው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፣ ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል፤ የኮምፒውተር ሳይንሱ ላይ ኦኦፒም አለበት። ሚዱም ሆነ ፋይናሉ የሚወደው «የሚከተለው ኮድ ምን ያትማል?» የሚለውን ነው።

እነዚህን አንድ በአንድ ጻፏቸውና ራን አድርጉ። በወላጅ ዓይነት የተያዘ የልጅ ኦብጀክት ላይ የተሻረ (ልጁ በራሱ አጻጻፍ የተካው፣ ኦቨራይድ የሆነ) ሜተድ ሲጠራ የልጁ ነው የሚሠራው፣ ፊልድ ሲጠራ ግን የወላጁ ነው የሚመጣው። ስታቲክና ፕራይቬት ሜተድ አይሻርም። የልጅ ኮንስትራክተር ከመሥራቱ በፊት የወላጁ ይሠራል፤ ወላጁ በኮንስትራክተሩ ውስጥ ልጁ የሻረውን ሜተድ ቢጠራ፣ የልጁ ፊልዶች ገና ዋጋ ስላልያዙ ዜሮ ወይም ነል ያያል። ሁለት ኢንቲጀር (ኢንትን ጠቅልሎ የሚይዝ ክላስ) ኦብጀክቶች 127 ይዘው በድርብ እኩል ይሆናል ምልክት ሲወዳደሩ ትሩ ይላል፣ 128 ሲይዙ ፎልስ፤ ጃቫ ከ−128 እስከ 127 ያሉትን አስቀድሞ ሠርቶ ስለሚያስቀምጥ ነው። የሪፈረንስ ሥዕሉን ከመጀመሪያ የለመደ ሰው ይሄን ከነምክንያቱ ይይዘዋል።

ስትለማመዱ መልሱን መጀመሪያ በወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ራን አድርጉ። ግምታችሁና ውጤቱ ያልተገናኙባቸውን ጥያቄዎች ለብቻ ደብተር ላይ ሰብስቧቸው፤ ፈተናው ሲደርስ ሃንድአውቱን ሁሉ ከማገላበጥ ያንን ደብተር ብታነቡት ይሻላችኋል።